የደረት መከላከያ

ሰኞ፣ ኅዳር 6 ቀን 2003 ዓ.ም። ጠዋት።

ልምምድ አለቀ። ላቤ ገና አልደረቀም። ቦታው ያው የሆቴሉ ጓሮ፣ ከውሃ ሮቶው ሥር። ጀነሬተሩ ጠፍቶ ነበር፤ ቢያንስ ዛሬ ድምፄ ተሰማ። ኛኩዎት ግን ዛሬም አልመታችም። እግሯ እስከ ጆሮዬ ይወጣል፤ ልክ ሊያርፍ ሲል ቀስ ይልና ዳሰስ አድርጎኝ ይመለሳል። ይቅርታ የሚጠይቅ እግር! ምቺኝ ስላት፣ መታሁሽ እኮ ማስተር ትለኛለች። ድንቄም መምታት።

ስማ ደብተሬ፣ ስናደድ ካልጻፍኩ ምሳ አይወርድልኝም፤ ስለዚህ ቻለው። ይህች ልጅ ጋምቤላ ያደገች፣ አሁን አገሯ ደቡብ ሱዳን ገብታ እኛ ሆቴል እንግዳ ተቀባይ የሆነች ናት። እኔ እዚያው ሒሳብ ተቀባይ። እዚህ ጁባ፣ ማላኪያ ሰፈር፣ ቴኳንዶ ያስጀመርኩት ለእሷና ለጓደኞቿ ነበር፤ ጓደኞቿ ሥራ በዛብን እያሉ አንድ በአንድ ቀሩ፤ እሷ ብቻ ጸናች። ዓምና አዲስ አበባ ወስጄ ለጥቁር ቀበቶ አስፈተንኳት። ማስተር ደረጀ፣ እኔንም ከልጅነቴ ያሰለጠነኝ ሰውዬ፣ ጣላት። ልጅቷ ሰው ለመምታት ትሳሳለች አለ። እውነቱን ነው። እኛ እዚህ በባዶ ደረት ነው የምንለማመደው፤ መሳሳት ለመደባት። በዚያው ቀን ክለቡ ውስጥ መከላከያ አጥልቄ ቆምኩላትና ምቺ፣ ምቺ እያልኩ ስጨቀጭቃት በመጨረሻ አንዴ መታችኝ። ግድግዳው ጋ ነው የተገኘሁት። እግሯ ያውቃል ማለት ነው። ችግሩ ልቧ ነው።

አሁን ማ/ር ደረጀ ከካምፓላ ሲመለስ ጁባ ያድራል። እሑድ ኅዳር 26 እዚሁ ጓሯችን ይፈትናታል። ካለፈች ማላካል ውስጥ የሴት ተማሪዎች ስፖርት አስተማሪነት ይጠብቃታል፤ ጥቁር ቀበቶሽን ይዘሽ ነይ ብለዋታል። ካላለፈች ቦታው የሌላ ሰው ነው። ደቡቡ ይገንጠል አይገንጠል ከሚባልበት ሪፈረንደም በኋላ ደግሞ ማን የት እንደሚሆን ማን ያውቃል።

ደስ የሚለው ነገር፣ ዕቃው መንገድ ላይ ነው። ግርማ ቅዳሜ በአውሮፕላን ላከልኝ። የድሮ የክለብ ጓደኛዬ ነው፣ ስታዲየም ዙሪያ የስፖርት ዕቃ ይሸጣል። ሁለት የደረት መከላከያ፣ ቀይና ሰማያዊ። ሁለት የራስ። የክንድና የቅልጥም። እንዳይጠፋብሽ ካርቶኑ ላይ በትልቁ ጽፌበታለሁ አለኝ በስልክ። ተባረክ አልኩት።

ረቡዕ፣ ኅዳር 8። ከሰዓት።

የኤርፖርቱ ዕቃ መጋዘን። ቆርቆሮ ጣሪያ፤ ሙቀቱ አናት ይበሳል። የእኔ ዓረብኛ ኬፍ፣ እንዴት ነሽ፣ ሲሉኝ ኩዌስ፣ ደህና፣ ብሎ እዚያው ያልቃል፤ ስለዚህ ቦዳ ቦዳው፣ የኪራይ ሞተር ሳይክሉ፣ ላይ ሆኜ ምን እንደምል ስለማመድ ነበር የሄድኩት። ኃላፊው ቀና ብሎ አየኝና፣ እንደምን ዋልሽ እህቴ አይለኝም! ጥርት ባለ አማርኛ! ቾል ይባላል። ረጅም፣ ትሑት፣ ጋምቤላ ጀምሮ አዲስ አበባ ተምሮ የጨረሰ። ደስታዬን አትጠይቀኝ። አንድዬ ሰው ሰጠኝ አልኩ። ስለ ፒያሳ ኬክ ሁሉ አወራን።

ከዚያ ካርቶኑ መጣ።

ግርማ፣ ግርማ፣ እጅህ ይሰበር! በአራቱም ጎን፣ በጥቁር ማርከር፣ ክንድ በሚያክል ፊደል፦ መከላከያ። ብቻውን። የደረት የለ፣ የስፖርት የለ። መከላከያ።

ቾል አነበበው። ፈገግታው ጠፋ። የጭነት ወረቀቱን አገላበጠ። እዚያ ደግሞ አንዱ የአዲስ አበባ ጸሐፊ በእንግሊዝኛ ዲፌንስ ብሎ ተርጉሞታል፤ የደረት ዲፌንስ፣ የራስ ዲፌንስ። ይህ የጦሩ ዕቃ ነው እንዴ አለኝ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። በላዩ ሲጫነው ደግሞ ጠንከር ይላል፣ ጃኬት ጃኬት ይላል። ድርቅ አልኩ። ሌላ ሰው ቢሆን እኮ ጽሑፉን ማንበብ አይችልም ነበር! እንደ በርበሬ ካርቶን ያሳልፈው ነበር። አማርኛ የሚያውቅ ሰው ማግኘቴ ነው ጉድ የሠራኝ።

አስረዳሁት። ተነስቼ አሳየሁት፣ እግሬን ከጠረጴዛው በላይ አንስቼ። ወረፋው በሙሉ ሳቀ። እሱም ያመነኝ መሰለኝ። ግን ጊዜው ጥሩ አይደለም፣ ሪፈረንደም ደርሷል፣ እንዲህ ያለውን ብቻዬን አልወስንም፣ ከመከላከያ ሰው መጥቶ ይየው አለ። ከመከላከያ ሰው መጥቶ መከላከያውን ይየው! መቼ? ቡክራ።

ቡክራ ነገ ማለት ነው፣ ደብተሬ። እዚህ ግን የትኛው ነገ እንደሆነ አይነግሩህም።

ሐሙስ፣ ኅዳር 9።

ሰውየው አልመጣም። ጠዋት ሄጄ እስከ ከሰዓት በር ላይ ቆምኩ። የመጋዘኑ ዘበኛ ሎኪሩ የሚባል ቀጭን ሰውዬ ነው፤ ጺሙ ሽበት ጣል ጣል ያደረገበት። አሳዘንኩት መሰለኝ የራሱን ፕላስቲክ ወንበር አምጥቶ ገኒ አለኝ። ተቀመጪ ማለቱ ነው። እሱ ቆሞ ዋለ። ውሃም ሰጠኝ።

ካርቶኑ ውስጥ ምን እንዳለ ጠየቀኝ። ሰው ጠየቀኝ ብዬ ደስ ብሎኝ፣ በዚያች በተሰባበረች ዓረብኛዬ አስረዳሁት። ደረቴን በቡጢ ደበደብኩና ዱጉ፣ ማፊ ሙሽኪላ አልኩት። ቢመቱህ ችግር የለም። ዓይኑ በራ። ደጋግሞ ለራሱ አለው፤ ዱጉ፣ ማፊ ሙሽኪላ። ጥሩ ተማሪ ብዬ ሳቅኩ።

ሰኞ፣ ኅዳር 13። ማታ።

የለም። ቡክራ።

ግርማን በስልክ አጠብኩት። ምን ብዬ ልጻፍ ነበር አለኝ፣ በአማርኛ ሌላ ስም አለው? ለመሳደብ አፌን ከፈትኩ። የለውም እኮ። ጦሩም መከላከያ፣ የደረቱም መከላከያ። ስንት ዓመት አፌ ላይ ሲኖር አንድ ቀን አላሰብኩትም።

ኮንዮ ኮንዮ ገበያ አካባቢ ካራቴ የሚሠሩ አሉ ሲሉኝ ሄድኩ። ደግ ሰዎች። የእጅ ጓንት አላቸው፤ የደረት ግን ማፊ። ባዶ እጄን ተመለስኩ።

ከዚያ አንድ ብልሃት ታየኝ። የተቀደደ የእንግዳ ፍራሽ ነበር፤ ስፖንጁን ቆርጬ ደረቴ ላይ በገመድ ጠፍሬ ኛኩዎት ፊት ቆምኩ። ምቺ! ልጅቷ አየችኝና መሬት ላይ ተቀምጣ ሳቀች፣ እንባዋ እስኪወርድ። እኔም ሳቅኩ። በዚህ መሐል እትዬ ብዙነሽ፣ የሆቴሉ ባለቤት፣ ልብስ ልታሰጣ ወጣች። ፍራሼን! አለች። ደግነቱ እሷም ሳቀች። መጨረሻ ላይ ኛኩዎት ሞከረች፤ ስፖንጁ ተንሸራቶ ሆዴ ላይ ወረደ፣ እሷም ደንግጣ አቀፈችኝ። ልምምዱ በመተቃቀፍ አለቀ። እንዲህ ሆኖ ጥቁር ቀበቶ ይገኛል?

ሐሙስ፣ ኅዳር 16።

ጾም ገባ። ወጥ ቤቱ ሽሮ በሽሮ ሆኗል። እኔም ከመናደድ ብጾም ምን ነበረበት።

ዛሬ ቾል ሻይ ጋበዘኝ። ሻይ ሲጋብዙህ ፍራ። ነገሩ እንዲህ ነው፦ የዚያኑ ዕለት ለበላዮቹ ሪፖርት ጽፏል። ወታደራዊ የደረት ልብስ ብሎ። ያኔ እንዲያ መስሎት ነበር። አሁን ስፖርት መሆኑን ያውቃል፤ ልጅ ሆኖ ጋምቤላ ውስጥ ቴኳንዶ ሲሠሩ አጥር ላይ ተንጠልጥሎ ያይ ነበር እንኳን ሳያውቅ። ግን የጻፈውን ራሱ ቢሽር፣ ይህ ኢትዮጵያ ያደገ ሰው የማንን ዕቃ ነው የሚያሳልፈው ይሉታል። እዚያ ስደተኛ ነበርኩ፣ እዚህ ሐበሻ ይሉኛል አለ። ሻዩን እያማሰለ፤ ስኳሩ ከሟሟ ቆይቷል።

ምን ልበለው? ልቆጣው አስቤ ሄጄ አጽናንቼው መጣሁ። እርር ድብን ብዬ ነው የተመለስኩት፤ የምቆጣው ሰው እንኳ አጣሁ እኮ!

ሰኞ፣ ኅዳር 20።

ወንበሬ ላይ ነኝ። ወንበሬ ማለት ጀምሬአለሁ፣ ይታይህ። እዚሁ ሆኜ እጽፋለሁ።

አቧራ። አውሮፕላን ያርፋል፣ ይነሳል። የሌላው ሰው ካርቶን ሁሉ ይወጣል፤ ሳሙና፣ ቢራ፣ የመኪና ጎማ። የእኔ በጥልፍልፍ ሽቦው ውስጥ ይታየኛል፤ ጽሑፉ ወደ እኔ ዞሮ። መከላከያ። አንዳንዴ የሚያሾፍብኝ ይመስለኛል።

ሎኪሩ አጠገቤ ቁጢጥ ብሎ ያወራል። ግማሹን እሰማለሁ፣ ግማሹን እገምታለሁ። እሑድ አገሩ ይሄዳል፤ ወደ ምሥራቅ፣ ከወንዙ ማዶ ካለው ጉምቦ በሚነሳ ጭነት መኪና። ሚስቱ እዚያ ናት። መንገዱ ክፉ ነው። ከብት ዘራፊዎች ይተኩሳሉ፤ ወንድሙ በዚያ መንገድ ነው የቀረ። በጣቱ ደረቱን ነካ አድርጎ አሳየኝ፤ እዚህ ላይ። አይዞህ አልኩት። ከዚያ ወደ ካርቶኑ እያመለከተ የዚያን ቀኑን ቃል ጠየቀኝ፤ ዱጉ፣ ማፊ ሙሽኪላ? እኔ ያን ጊዜ ቾል ስልክ ሲያነሳ አይቼ ጆሮዬ ወደዚያ ነበር። አዎ፣ አዎ፣ ማፊ ሙሽኪላ አልኩት።

ስልኩ ስለ ሲሚንቶ ነበር።

ረቡዕ፣ ኅዳር 22። ማታ።

ዛሬ ኛኩዎት አብራኝ መጣች። ቾልን አየችው፣ ካርቶኑን አየችው፣ እኔን አየችኝ። ማስተር፣ ተይው በቃ አለችኝ። ማላካልም ይቅር፣ እዚሁ እሠራለሁ፣ አንቺም ከሥራሽ እየቀረሽ ነው አለች። ደሜ ፈላ። መንገድ ላይ ጮህኩባት። እግርሽ ብቻ መስሎኝ ነበር የሚለማመጥ፣ አፍሽም ነው ለካ አልኳት! ቦዳ ቦዳው ሁሉ ዞሮ አየን። ሆቴል ስንደርስ ፊቷን ታጥባ ለእንግዶች ቁልፍ ስትሰጥ አየኋት፤ ዓይኗ ቀልቷል።

አፈርኩ ደብተሬ። ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ምን ላድርግ? ግርማ ላይ ብጮህ ምን፣ ቾል ላይ ብጮህ ምን? ማ/ር ደረጀ ዓርብ ይገባል። ዘንድሮ አንድ ቀን እንኳ በመከላከያ አልተለማመደችም። ግንባሬን የማጋጨው ግድግዳ እንኳ የለኝም፤ ሁሉም ትሑት ነው፣ ሁሉም ያዝናል፣ ሁሉም ቡክራ ይላል።

ዓርብ፣ ኅዳር 24። ማታ።

ጉድ! ካርቶኑ ወጣ!

ከመከላከያ የተባለው ሰው ሳይታሰብ ከተፍ አለ። ወፍራም፣ ቸኳይ፣ መኪናው ሳይጠፋ የገባ። ካርቶኑን በጩቤ ቀደደው። የጭንቅላቱን መከላከያ አነሳ፣ አየው፣ አጠለቀው! ቀዩን የደረት በአውራ ጣቱ ጫን አደረገው፤ ጣቱ ሰመጠ። ቾልን አየው። እንደገና ጫን አደረገውና ሆዱን ይዞ ሳቀ። ቾልም ለይስሙላ ሳቀ፣ ላቡ እየወረደ። አለቀ። ከዚያ ሁሉ ወንበር በኋላ፣ አንድ አውራ ጣት!

ደስታዬ ግን ካርቶኑን እስክገለብጥ ነው። ቀዩ አለ። ሰማያዊው የለም። የክንዱ አለ፣ የቅልጥሙ አለ፣ ሰማያዊው የደረት የለም። ካርቶኑ ከሥር በኩል ተከፍቶ በፕላስተር ተመልሷል። ቾል ፊቱ አመድ መሰለ። ማን እንደወሰደው ካወቅሁ ዛሬውኑ አሳስረዋለሁ አለ፣ እውነቱን ነው፤ እንዲህ ተናዶ አይቼው አላውቅም።

ያን ጊዜ ቀና ስል ሎኪሩን አየሁት። በር ላይ። በዚያ ሙቀት ካፖርቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ። ቀጭኑ ሎኪሩ ደረቱ በርሜል አክሏል። ዓይን ለዓይን ተያየን።

ለቾል አልነገርኩትም። ግርማ ይሆናል ሳይጨምር የቀረው አልኩ። ግርማዬ ይቅር በለኝ።

ማ/ር ደረጀ አመሻሹ ላይ ገባ። ሸበተ፤ ጀርባው ግን ያው ነው፣ ቀጥ። ሁሉንም ነገርኩት፣ ከዘበኛው በስተቀር። ፍራሽ በገመድ እናስር አልኩት። በፍራሽ ቀበቶ አልሰጥም አለ። ሕጉ ግልጽ ነው፦ ተፈታኟ መከላከያ መልበስ አለባት። ሌላው ከሌለ፣ ተጋጣሚዋ ጥቁር ቀበቶ ከሆነችና በራሷ ፈቃድ ከሆነ፣ ባዶዋን ትቁም። ግን ካልመታች አላሳልፋትም ሰብለ፣ ዓምናም ነግሬሻለሁ አለኝ።

ባዶ ደረቴን አይታ ትመታለች? ኛኩዎት? በሕልሟም አትመታኝ።

ሰማያዊውን ማግኘት አለብኝ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 25። ማታ።

ጀነሬተሩ ጠፍቷል፤ ጽሑፌ ቢበላሽ አትፍረድብኝ።

ኛኩዎትን ለአስተርጓሚነት ይዤ ሄድኩ። ሎኪሩ ተረኛ አልነበረም፤ ከመጋዘኑ ጀርባ ባለች ዛኒጋባው ዕቃውን ሲቋጥር አገኘነው። አልካደም። ካፖርቱን ከፍቶ አሳየን። ሰማያዊው፣ አዲስ፣ ገመዱን ከኋላ ማሰር ስላልቻለ በሲባጎ ከፊት ጠፍሮት። ደስ ብሎት ነው ያሳየን! ለእኔማ ለይቶ አሳየኝ፣ እንደ ባለውለታው።

አንተ፣ ይህ ጥይት አያቆምም አልኩት። ዴ ሰፈንጃ አልኩ፤ ይህ ስፖንጅ ነው ማለቴ ነበር። እግሬን አየ። ለካ እዚህ ሰፈንጃ ነጠላ ጫማ ነው። ኛኩዎት አስተካክላ ነገረችው፦ ስፖንጅ ነው፣ ለጨዋታ ነው፣ የእግር ምት ብቻ ነው የሚችለው። ረጋ ብሎ ሰማት። ከዚያ መለሰ። ኛኩዎት ስትተረጉም ድምፅዋ ተቀየረ፦ ይህ ስፖንጅ ከሆነ ይህች ሴት ለስፖንጅ ነው እንዴ ይህን ሁሉ ቀን ፀሐይ ላይ የተቀመጠችው? መንግሥት ለስፖንጅ ነው በሽቦ የቆለፈው? መኪና የመጣው፣ ወታደር የመጣው ለስፖንጅ ነው? አሁን ስለፈለገችው ነው እንዲህ የምትለው አለ። እሷው ራሷ ነግራኛለች፦ ዱጉ፣ ማፊ ሙሽኪላ።

ወይኔ። ወይኔ ደብተሬ። እኔ ስመታ እግር ማለቴ ነው፤ እሱ ሲመታ ጥይት። ቃሉ አንድ ነው። በእኛም አንድ ነው እኮ፤ በጥይት መታው እንል የለ!

ምዬ ተገዝቼ ነገርኩት። ስለ ወንድሙ ብዬ ለመንኩት። እውነቱን በነገርኩት ቁጥር ይበልጥ ሌባ መሰልኩ። መጨረሻ ላይ ደረቱን ነፋና ምቺኝ አለኝ። በይ፣ ምቺና እይ።

እሺ አልኩ። አንዴ ብመታው፣ አጥንቱ ድረስ ቢሰማው፣ ያምናል። አስር ብሎኬት የሰበርኩ ሰው ነኝ። ወገቤን አዞርኩ፣ እግሬ ተነሳ። እዚያ ላይ ፊቱን አየሁት። ሽበቱን። ወንበሩን የሰጠኝ፣ ቆሞ የዋለልኝ ሰው። ዓይኑን ጨፍኖ ይጠብቀኛል። እግሬ ሄዶ ሄዶ ሊያርፍ ሲል ቀስ አለ። ጧ ብሎ ጮኸ፣ ያ ስፖንጅ ሁልጊዜም ይጮኻል፤ ሎኪሩ ግን ንቅንቅ አላለም።

ዓይኑን ገለጠ። ደረቱን ዳበሰ። ሳቀ፣ ጥርሱ ሁሉ እስኪታይ። ማፊ ሙሽኪላ! አለ። እጄን በሁለት እጁ ይዞ አመሰገነኝ።

ልንቀማው አንችልም። ለቾል ብናገር ይታሰራል፤ ሚስቱ እየጠበቀችው። ኛኩዎት ተይው ማስተር፣ እንሂድ አለች። ብዙ ከሄድን በኋላ፣ አልመታሽውም እኮ አለችኝ። በሰላሙ ድምፅዋ፣ ሳትወቅሰኝ። ሰው የሚያመው እንዲህ ሲነግሩት ነው።

እሑድ፣ ኅዳር 26። ጎሕ ሲቀድ።

እንቅልፍ የለም። የጉምቦ መኪኖች የሚነሱት በዚህ ሰዓት ነው። ድልድዩን ተሻግሮ ይሆናል። ጭነቱ ላይ ተቀምጧል፣ ሰማያዊውን ለብሶ፣ ሳይፈራ። ሌላ ጊዜ ተኩስ ሲሰማ ጎንበስ የሚል ሰው፣ ዛሬ ደረቱን ነፍቶ ይቀመጥ ይሆናል። ልሮጥ? በቦዳ ቦዳ ብከተለው? ደርሼስ ምን ልለው? ብነግረው አያምነኝም፤ አንዴ በእግሬ ዋሽቼዋለሁ። መድኃኔዓለም ይጠብቀው። ከእኔ የቀረው ይኸው ነው፣ ሌላ ምንም የለኝም።

ጓሮው ተጠርጓል። እትዬ ብዙነሽ ለማ/ር ደረጀ ጥላ ያለበት ወንበር አውጥታለች። ኛኩዎት ቀዩን ትለብሳለች፣ እኔ ባዶዬን እቆማለሁ። ምን እንደሚሆን አሁኑኑ ይታየኛል። ባዶ ደረቴን ታያለች። እግሯ ይነሳል፤ ሊያርፍ ሲል ቀስ ይላል፣ ዳሰስ አድርጎኝ ይመለሳል። ማ/ር ደረጀ ራሱን ይነቀንቃል። እሷም ደህና ነው ማስተር፣ እዚሁ እሠራለሁ ትለኛለች። ስንት ዓመት አትሳሺ እያልኩ የጮህኩባት እኔ ነኝ። ትናንት የማን እግር ነው የሳሳው? ከማን ተማረችው ታዲያ?

አንድ ነገር ግን እጄ ላይ አለ። ሌሊቱን ሙሉ ሳብሰለስለው አድሬ ወሰንኩ። ማ/ር ደረጀ ጀምሩ እንዳለ ቀድሜ እመታታለሁ። እንደ ሎኪሩ አይደለም፤ በሙሉ ወገቤ፣ ቀዩ ላይ፣ ከዚያም ራሷ ላይ። አላቆምም። ስትወድቅ አላነሳትም፣ ይቅርታም አልላትም። እስክትናደድ። ባዶ ደረቴን እስክትረሳው። እስክትጠላኝም ቢሆን። ጎኔን ከሰበረችው ይሰበር፤ ይጠገናል።

በሩ እየተንኳኳ ነው። ኛኩዎት ናት። ማስተር፣ ገመዱ ከኋላ ነው፣ አልደርስበትም፣ እሰሪልኝ ትላለች።

መጣሁ። ጥብቅ አድርጌ ነው የማስርላት።